«ደህና ነኝ» ብዬ የተመለስሁበት ቀን፦ ሕመምን በእንግሊዝኛ ስለ መናገርና ስለ መምከር

እ.ኤ.አ. በ2013 በዲቪ ዕድል ሜሪላንድ ውስጥ ወደምትገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ ስመጣ እንግሊዝኛ እችላለሁ ብዬ የማምን ሰው ነበርሁ። ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ ተምሬ፣ ኮሌጅም በእንግሊዝኛ ጨርሼ፣ የሥራ ማመልከቻ በእንግሊዝኛ ስጽፍ ኖሬአለሁ። በመጣሁ በሦስተኛው ወር ሆዴን አሞኝ ሐኪም ፊት ስቀርብ ግን፣ የተማርሁት እንግሊዝኛ ስለ ዕፅዋት አመጋገብና ስለ ፈረንሳይ አብዮት የሚናገር እንጂ ስለ ገዛ ሆዴ የሚናገር እንዳልነበረ ገባኝ።

ሐኪሟ በሩን ከፍታ እየገባች «ሃው አር ዩ ቱዴይ?» አለችኝ። እኔም ባደግሁበት ወግ፣ ሰው ደህንነትን ሲጠይቅ ፈጣሪን ማመስገን ስለሚቀድም፣ «አይ አም ፋይን፣ ታንክ ጋድ» ብዬ መለስሁ። ቀጥላ «ዋት ብሪንግስ ዩ ኢን ቱዴይ?» ስትለኝ በልቤ ወደ አማርኛ መለስሁትና «ዛሬ ምን አመጣሽ?» ሆኖ ተሰማኝ። በእኛ አነጋገር «ምን እግር ጣለሽ?» ማለት ናፍቆት ነው፤ «ምን አመጣሽ?» ግን ወቀሳ ይመስላል። ጊዜዋን ያባከንሁባት መስሎኝ ተሸማቀቅሁና «ናቲንግ ቢግ፣ ጀስት ጋስትሪክ» አልሁ። ከዚያ በኋላ ለጠየቀችኝ ሁሉ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረግሁ በእኛ ልማድ «እ!» እያልሁ መስማማቴን ገለጥሁ። አሲድ የሚያበርድ መድኃኒት እንድገዛ ነግራ አሰናበተችኝ። ቤት ገብቼ የሰጡኝን ወረቀት ሳነብ፣ ከላይ በኩል ታካሚዋ ደህና መሆኗን እንደተናገረች ተጽፎ አገኘሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌሊት እያስነሳ የሚያንቆራጥጠኝ ሕመም በዚያ ወረቀት ላይ አንድም ቦታ አልነበረም፤ ያልተናገርሁትን ሐኪሟ ከየት አምጥታ ትጽፈዋለች?

ከዐሥር ቀን በኋላ ብሶብኝ ስመለስ የተቀበለኝ ሌላ ሐኪም ነበር። በዚህኛው ቀን አብራኝ የሄደችው የአክስቴ ልጅ እዚሁ ያደገች ስለሆነች፣ መኪና ውስጥ ሳለን «የበሽታውን ስም አትንገሪያቸው፤ የሚሰማሽን ንገሪያቸው» አለችኝ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ በሁለቱ መካከል ልዩነት መኖሩን አስቤው አላውቅም። አገር ቤት «ጨጓራ አለብኝ»፣ «ሳይነሴ ተነሣብኝ»፣ «ታይፎይድ ነው መሰለኝ» ስንል፣ ስሙን ራሳችን ሰጥተን መድኃኒቱን ብቻ የምንጠይቅ ነን። እዚህ ያለው ሐኪም ግን ስሙን መስጠት የእሱ ድርሻ እንደሆነ ስለሚያምን፣ ታካሚው ስም ይዞ ሲመጣ ወይ «ማን ነገረህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ወይም የተባለውን ስም ተቀብሎ ሌላ ምርመራ ሳያደርግ ያልፋል። ስለዚህ ለሁለተኛው ሐኪም ከእምብርቴ በላይ እንደሚያቃጥለኝ፣ ባዶ ሆድ ስሆን እንደሚብስ፣ ስበላ ለጥቂት ጊዜ ጋብ እንደሚል፣ ሌሊት ከእንቅልፌ እንደሚቀሰቅሰኝና ሁለት ሳምንት አልፎት ወደ አራተኛው እንደተጠጋ ነገርሁት። ከየት አገር እንደመጣሁ ጠየቀኝና የሰገራ ምርመራ አዘዘልኝ፤ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው፣ በአገራችን እጅግ የተለመደው የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘብኝ፤ ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ ከአሲድ ቀናሽ ጋር ለ14 ቀን ወስጄ ዳንሁ። የዐሥር ቀኑን ስቃይ ያመጣብኝ ባክቴሪያው ሳይሆን «ፋይን» የምትለዋ ቃል ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ዛሬ በአንድ መድኃኒት ቤት በፋርማሲ ቴክኒሺያንነት እሠራለሁ። ሕጉ እንደሚያዘው የመድኃኒት ምክር የሚሰጠው ፋርማሲስቱ እንጂ እኔ አይደለሁም፤ ሆኖም አማርኛ ተናጋሪ ሰው መስኮቱ ጋ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው የእኔን ፊት ስለሆነ፣ ወገኖቻችን ሕመማቸውን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱ የት ላይ እንደሚሰናከሉ ለማየት ከማንም የተሻለ ቦታ ላይ ቆሜአለሁ። ከራሴና ከእነሱ የተማርሁትን የምጽፈው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው መሰናክል የቃል እጥረት ሳይሆን የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። በአማርኛ ሕመም ከውጭ መጥቶ ይይዘናል፤ «ራሴን አመመኝ» ስንል የሚያመው ሌላ፣ የሚታመመው እኔ ነኝ። በእንግሊዝኛ ግን ሰውየው ሕመሙን እንደ ዕቃ «ሃቭ» ብሎ ይይዘዋል፤ «አይ ሃቭ ኤ ሄዴክ»፣ «አይ ሃቭ ኤ ፊቨር»፣ «አይ ሃቭ ኤ ሶር ስሮት» ይላል። ለሁሉም የሰውነት ክፍል የሚያገለግለው ቀላሉ መንገድ ደግሞ ክፍሉን ጠርቶ «ኸርትስ» ማለት ነው፤ «ማይ ኒ ኸርትስ»፣ «ማይ ኢር ኸርትስ»። «ኤክ» የሚባለው ደብዝዞ የሚቆይ ሕመም ነው፤ ለራስ፣ ለጥርስ፣ ለሆድ፣ ለጆሮና ለጀርባ ከስሙ ጋር ተጣብቆ ይነገራል። «ሶር» የቆሰለ ወይም የተላጠ ያህል ለሚሰማ ጉሮሮ፣ ከከባድ ሥራ በኋላም ለሚያም ጡንቻ ነው። «ፔይን» ሁሉንም ይሸፍናል፤ ሐኪሙ ግን እዚያ ላይ አያቆምም፤ ምን ዓይነት ፔይን እንደሆነ ይጠይቃል። እዚህ ላይ አማርኛችን ሀብታም ስለሆነ ልንኮራ ይገባናል፤ ውጋት፣ ቁርጠት፣ ቁርጥማት፣ ማቃጠል፣ መጠዝጠዝ እያልን የምንለየውን እነሱም ይለዩታል። ውጋቱ «ሻርፕ» ወይም «ስታቢንግ»፣ የሆድ ቁርጠቱ «ክራምፕ»፣ እንደ ልብ ምት ድም ድም የሚለው የራስ ሕመም «ስሮቢንግ»፣ የሚያቃጥለው «በርኒንግ»፣ ድንዛዜው «ነምብነስ»፣ መርፌ መርፌ የሚለው «ቲንግሊንግ» ነው። «ያዞረኛል» ለሚለው ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ቤቱ የሚሽከረከር ከሆነ «ዘ ሩም ኢዝ ስፒኒንግ»፣ ራስን ሊያስት የሚቃጣ ከሆነ «አይ ፊል ላይክ አይ አም ጎይንግ ቱ ፌይንት» ማለት ይሻላል፤ አንደኛው ሐኪሙን ወደ ጆሮ፣ ሌላው ወደ ደም ግፊትና ወደ ልብ ይመራዋልና።

ልብ ካልሁ አይቀር ቃርን ላንሣ። ቃር በእንግሊዝኛ «ሃርትበርን» ይባላል፤ ቃሉ ልብ ቢልም ነገሩ ልብን አይመለከትም። አንድ ጋሼ የምላቸው ደንበኛችን ሐኪማቸው «ሃርትበርን» እንዳላቸው ሲነግራቸው ልባቸው የተቃጠለ መስሏቸው ለሦስት ቀን ለልጆቻቸው ሳይናገሩ ኑዛዜ ሲያስቡ ሰንብተው ነበር። ነገሩ በተቃራኒውም ይደርሳል፤ «ልቤን ያቃጥለኛል» የሚል ሰው ቃሩን ለመግለጥ ፈልጎ «ማይ ሃርት ኢዝ በርኒንግ» ቢል አምቡላንስ ሊጠራለት ይችላል። ከሁለቱ ስሕተት ግን ሁለተኛው ይሻላል።

«ብርድ» ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። «አይ አም ኮልድ» ማለት በረደኝ ነው፤ «አይ ሃቭ ኤ ኮልድ» ማለት ጉንፋን ይዞኛል ነው፤ የእኛው «ብርድ መታኝ» ግን ወገብንም፣ አንገትንም፣ ሆድንም ሊሆን ይችላልና በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አይመለስም። የትኛው ቦታ እንደተያዘ ነው የሚነገረው፤ «ማይ ኔክ ኢዝ ስቲፍ» ወይም «ማይ ሎወር ባክ ኸርትስ»። «ኩላሊቴን አመመኝ»ም እንዲሁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምናመለክተው ጎንን ወይም ወገብን ሲሆን፣ «ማይ ኪድኒ» ያለ ሰው የሽንት ምርመራ ታዝዞለት የወገቡ ጡንቻ ሳይታይ ይመለሳል። ምችንማ ለመተርጎም የሞከሩ ብዙ ናቸው፤ እኔ የምመክረው ሳይተረጉሙ መግለጥን ነው። ከንፈር ላይ የሚወጣው ከሆነ «ኮልድ ሶር» ይባላል፤ ትኩሳትና ራስ ምታት ከሆነም እነዚያኑ በየስማቸው መጥራት ነው። ዳማከሴ ጨምቀን ጠጥተን ከሆነም ይነገር፤ ፌጦም፣ ጤና አዳምም፣ ኮሶም። «አይ ቱክ ኤ ትራዲሽናል ኸርብ» ማለት አያሳፍርም፤ ሐኪሙ የሚያዘው መድኃኒት ከጠጣነው ጋር ይጋጭ እንደሆነ ማሰብ የሚችለው ካወቀ ብቻ ነው።

እናቴ እ.ኤ.አ. በ2018 መጣች። ደም ብዛትና ስኳር ስላለባት አብሬያት ገባሁና፣ እኔው አስተርጓሚ ሆኜ «ማይ ማዘር ሃዝ ቱ መች ብለድ» አልሁ። ነርሷ ግራ ተጋብታ ደም የምትለግስ መስሏት ነበር። ትክክለኛው «ሃይ ብለድ ፕሬሸር» ነው፤ እኔም ይህን በደንብ አውቀው ነበር፤ ነገር ግን ሰው ለእናቱ ሲያስተረጉም ከድንጋጤው የተነሣ የሚያውቀውም ይጠፋዋል። ዕለቱን የባሰ ነገርም ሠርቻለሁ። ሐኪሙ ክኒኑን ጠዋትና ማታ «አት ኤይት» እንድትወስድ ሲያዝ፣ እኔ ሳላስብ «በስምንት ሰዓት» ብዬ ነገርኋት። እናቴ የምታውቀው ስምንት ሰዓት ከምሳ በኋላና ሌሊት ያለውን ነው። ከሳምንት በኋላ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ወጥ ቤት መብራት በርቶ አይቼ ስገባ፣ ነጠላዋን ተከናንባ መድኃኒቷን በውኃ ስትውጥ አገኘኋት። «እንዴት ያለ ጨካኝ ሐኪም ነው፣ እንቅልፍ አይተኛም እንዴ?» አለችኝ። የዐሥራ ሁለት ሰዓቱ ልዩነት ስላልተዛባ ጉዳት አልደረሰባትም፤ መድኃኒቱ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ቢሆን ኖሮ ግን ሆዷን ባስቸገራት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰዓት በቁጥር አልተረጉምም፤ «ከቁርስ ጋር» እና «ከእራት ጋር» እላለሁ።

ጾምም ሳይታሰብ የሚያሰናክል ነገር ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያው ደም ከመቅዳቱ በፊት «አር ዩ ፋስቲንግ?» ብሎ ሲጠይቅ ማለቱ ላለፉት 8 ወይም 12 ሰዓታት ከውኃ በቀር ምንም አልቀመስሽም ወይ ነው። እናቴ ግን ዐቢይ ጾም ስለነበር በኩራት «የስ» አለች፤ ጠዋት ሽሮ በእንጀራ በልታ፣ ሻይዋንም በስኳር ጠጥታ ነበር። የስኳሯ ልክ ከፍ ብሎ ሲገኝ መድኃኒቷ ሊጨመርላት ጥቂት ቀርቶት ነበር። በዚያው ልክ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ያንን ለሐኪሙ ሳይናገር የስኳር መድኃኒት ቢወስድ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላልና፣ ጾሙ እንዴት እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሚያቆይና ምን እንደማይበላበት በግልጽ መንገር ያስፈልጋል። በረመዳን ለሚጾሙ ወገኖቻችንም ይኸው ነው።

አዎንና አይደለምን በተመለከተ፣ በአማርኛ «ሕመም የለሽም?» ሲባል «አዎ፣ የለኝም» ብለን የተጠየቅነውን እናጸናለን። እንግሊዝኛ ግን የሚያጸናው ነገሩን ነው፤ «ዩ ዶንት ሃቭ ኤኒ ፔይን?» ለሚለው «የስ» ያለ ሰው ሕመም አለኝ እንዳለ ይቆጠራል። ስለዚህ ብቻውን «የስ» ወይም «ኖ» ብሎ ከማቆም ሙሉውን «ኖ፣ አይ ዶንት ሃቭ ፔይን» ማለት ይሻላል። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስቦ «እ!» ማለታችንንም እዚህ አያውቁትም፤ አንዲት ነርስ እናቴ መተንፈስ ያቃታት መስሏት የኦክስጅን መለኪያ ጣቷ ላይ ሰክታባት ነበር።

«ኤኒ አለርጂስ?» የሚለውም ጥያቄ ከዚሁ ወገን ነው። አለርጂክ ስንል የሚታየን ማስነጠስና የዓይን ማሳከክ ስለሆነ ብዙዎች «ኖ» ይላሉ። ነገር ግን «ፔኒሲሊን አይስማማኝም፣ ገላዬን ያሳብጠኛል» የሚለው ሰው አለርጂ አለበት፤ ጥያቄው የሚፈልገው በትክክል እሱን ነው። «ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል ደግሞ አገር ቤት ከኤች አይ ቪ ጋር ተያይዞ ስለኖረ፣ ልጇ ጉሮሮውን ታሞ «ስትሬፕ ፖዘቲቭ» ሲባልባት መስኮቴ ጋ ቆማ ያለቀሰች እናት አይቻለሁ። ማለታቸው የጉሮሮ ባክቴሪያ ተገኝቶበታል፣ በአንቲባዮቲክ ይድናል ነው። «አኪዩት» ማለት ድንገት የጀመረ ማለት ሲሆን «ክሮኒክ» ማለት ደግሞ የቆየ ማለት ነው፤ ሁለቱም የሕመሙን ክብደት አይናገሩም።

ሕመምን ከዜሮ እስከ ዐሥር በቁጥር መስጠት ለእኛ ሰው ይከብዳል። ዐሥር ሊገምቱት የሚችሉት የመጨረሻው ሕመም ነው፤ ቁና ቁና እየተነፈሱ «ቱ»፣ ሁለት ነው፣ የሚሉ አባቶች አሉ፤ ማማረር ነውር ስለሚመስላቸው ነው። ለእነሱ ቁጥሩን ትቶ ሕመሙ ምን እንደከለከላቸው ማስነገር ይቀላል፤ «አይ ካንት ስሊፕ»፣ «አይ ካንት ክላይምብ ዘ ስቴርስ»፣ «አይ ካንት ኒል ቱ ፕሬይ»። እናቴ ለመስገድ አልቻልሁም ማለቷ ስለ ጉልበቷ ከማንኛውም ቁጥር የበለጠ ለሐኪሙ ተናግሮለታል።

ወደ መድኃኒት ቤቱ ስመለስ፣ ከሁሉ የበለጠ የሚያሳስበኝ የስም ልዩነት ነው። ፓራሲታሞል ብለን የምናውቀው መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ አሴታሚኖፈን ይባላል፤ ታይለኖል የሚባለውም እሱው ነው። አንድ ሰው ታይለኖል ወስዶ፣ ለጉንፋኑ ደግሞ ናይክዊል ቢጠጣና ከአገር ቤት የመጣች ፓራሲታሞል ቢጨምርበት፣ ሦስት የተለያየ መድኃኒት የወሰደ ይመስለዋል እንጂ አንዱን ሦስት ጊዜ ነው የወሰደው። ለጤነኛ አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4,000 ሚሊግራም ማለፍ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል፤ ይህም የ500 ሚሊግራሟ ክኒን ስምንት ፍሬ ማለት ነው። የአስም መንፊያው ሳልቡታሞልም እዚህ አልቡቴሮል ነው። ስለዚህ ፋርማሲስቱ የሚጠየቀው ጥያቄ አጭር ነው፤ «ካን አይ ቴክ ዚስ ዊዝ ማይ አዘር ሜዲስንስ?»፣ ይህን ከሌሎቹ መድኃኒቶቼ ጋር መውሰድ እችላለሁ ወይ ማለት ነው። ይህ ጥያቄ ክፍያ የለውም፤ ቀጠሮም አያስፈልገውም። አሞክሳሲሊን ያለ ማዘዣ ለማግኘት መለመን ግን አያዋጣም፤ እዚህ እንዲህ ያለ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥም።

ልጆች ላሏቸው፣ እዚህ ትኩሳት የሚለካው በፋራንሃይት ነው፤ 38 የምንለው 100.4 ነው፤ ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን እዚያ ከደረሰ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይነገራል። የሕፃን ሽሮፕ በሚሊሊትር በተሰመረበት መለኪያ እንጂ በሻይ ማንኪያችን አይሰጥም። ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር ማላስም፣ ለሳል ቢሆን እንኳ፣ ቦቱሊዝም ለሚባል መመረዝ ስለሚያጋልጥ አይደረግም።

እስከ አሁን የጻፍሁት ምክር ስለ መጠየቅ ነው፤ ምክር መስጠቱም ቀላል አይደለም። ሥራ በጀመርሁ ሰሞን አንዲት አሜሪካዊት ባልደረባዬ ስታስል ውላ፣ እኔ በወዳጅነት «ጎ ሆም! ድሪንክ ጂንጀር! ዶንት ድሪንክ ኮልድ ዋተር!» አልኋት። ቀኑን ሙሉ አኮረፈችኝ። ቆይቶ የገባኝ፣ በአማርኛ «ዝንጅብል ጠጪ እንጂ» ስንል ያቺ «እንጂ» የያዘችውን ርኅራኄ እንግሊዝኛው እንዳላስተላለፈልኝ ነው። «ይጠጡ» ብለን አክብሮቱን ግሱ ውስጥ እንከተዋለን፤ እንግሊዝኛ አንተም እርስዎም «ዩ» ስለሆነ አክብሮቱን የሚያኖረው በዙሪያው ባሉ ቃላት ነው። «ሜይቢ ዩ ሹድ ጌት ሰም ሬስት» ምክር ነው፤ «ሃቭ ዩ ትራይድ ጂንጀር ቲ?» ከዚያ የለሰለሰ ነው፤ «ኢፍ አይ ዌር ዩ፣ አይ ዉድ ሲ ኤ ዶክተር» ደግሞ ለጓደኛ የሚሆን ነው። «ማስት» የምትለውን ለእውነተኛ አደጋ አቆይቻታለሁ። ሲመከሩም እንዲሁ፣ ሐኪም «ዩ ማይት ዋንት ቱ ከት ዳውን ኦን ሶልት» ሲል እንደ ምርጫ ይሰማል፤ ፍች ግን «ጨው ቀንስ» ነው።

የማጽናኛውም ቃል እንዲሁ ነው። «አይዞሽ» የሚተካው የለም። መታመሜን የሰማ ሰው ሁሉ «አይ አም ሶሪ ቱ ሂር ዛት» ሲለኝ፣ ምን በድሎኝ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ግራ ይገባኝ ነበር፤ አሁን ግን ለ«እግዜር ይማርሽ» የቀረበው እሱ መሆኑን አውቄ እኔም እላለሁ፤ «አይ ሆፕ ዩ ፊል ቤተር ሱን» ብዬ እጨምራለሁ።

ምክር መስጠት የሚያቆምበትም ቦታ አለ። የደረት መጨነቅ፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር ሲታይ ዝንጅብልም ዳማከሴም ወደ ጎን ተትተው 911 ነው የሚደወለው። መጀመሪያ አድራሻውን፣ ቀጥሎ «ቼስት ፔይን» ወይም «ስትሮክ» የሚለውን ብቻ መናገር ይበቃል፤ ከዚያ «አምሃሪክ» ቢሉ በብዙ ቦታ በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ። ልጅ ያልታሰበ መድኃኒት ውጦ ደህና የሚመስል ከሆነ የመርዝ ምክር መስጫው ቁጥር 1-800-222-1222 ቀንና ሌሊት ይሠራል።

በመጨረሻ ስለ አስተርጓሚ። ለእናቴ እኔው ማስተርጎሜን ትቻለሁ፤ ይህንን የምለው እንግሊዝኛዬ ከተሻሻለ በኋላ ነው። ልጅ የእናቱን ገመና ሲያስተረጉም እናቲቱ ትደብቃለች፣ ልጁም ያለዝባል። እናቴ የሽንት ችግር እንዳለባት ለሁለት ዓመት ያልነገረችኝ በዚህ ምክንያት ነው፤ የነገረችው በስልክ ለመጣች፣ ፊቷን ላላየቻት አማርኛ አስተርጓሚ ነው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ እ.ኤ.አ. በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና በ2010ሩ የጤና መድን ሕግ መሠረት አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት፤ ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣችው የራሷ የቋንቋ ሕግ አላት፤ አማርኛም በዚያ ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ቀጠሮ ሲያዝ «አይ ኒድ አን አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» ማለት ነው፤ በዕለቱ ሲደርሱም መድገም ነው። አንድ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ «ልጅሽ አብራሽ የለችም እንዴ?» ብላን ታውቃለች፤ ዓረፍተ ነገሩን ደግሜ ዝም አልሁ፣ ስልኩም መጣ።

አስተርጓሚ ኖረም አልኖረ፣ ከክሊኒክ ሳልወጣ የተባልሁትን በራሴ ቃል እመልሳለሁ፤ «ሶ አይ ቴክ ዋን ፒል ዊዝ ብሬክፈስት ፎር ሰቨን ዴይስ፣ ኢዝ ዛት ራይት?» ካልገባኝም «ኩድ ዩ ራይት ኢት ዳውን?»፣ ይጻፉልኝ፣ እላለሁ። እናቴ ደግሞ ከቦርሳዋ የማትለየው አንድ የታጠፈ ወረቀት አላት፤ በአንድ ወገን እኔ በእንግሊዝኛ የጻፍሁላት የመድኃኒቶቿ ስም ከነሚሊግራማቸው፣ የማይስማማት መድኃኒትና የእኔ ስልክ አለ፤ በሌላው ወገን እሷ ራሷ ከቀጠሮው በፊት ባለው ሳምንት በአማርኛ የምትጽፈው አለ። ባለፈው ያየሁት እንዲህ ይላል፦ ግራ ጉልበቴ፣ ከፋሲካ ወዲህ፣ ደረጃ ስወርድ ይብሳል፣ ጠዋት ይገተራል፣ ስሄድበት ይፈታል፣ አላበጠም።